ለድኃ መስጠት ስጦታ ነውን ወይስ ዕዳ?

ለድኃ መራራት በጎ ሥራ መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። ነገር ግን ብዙ ሰው ርኅራኄን ለባለጸጋ ብቻ የታዘዘ ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ጎተራው የሞላ ይስጥ፥ ጓዳው የጎደለ ግን ይቅር ይባል ይላል። ደግሞም የሰጠ ሰው ከገዛ ገንዘቡ ቸርነት እንዳደረገ፥ የተቀበለው ግን ባለዕዳ ሆኖ እንደ ሄደ ያስባል። ይህ አሳብ እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን ለመመርመር በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ምድር ያለችውን መርጡለ ማርያምን መመልከት ይጠቅማል፤ በዚያ የንግሥት ስጦታና የባላገር ስጦታ ጎን ለጎን ይታያሉና።

መርጡለ ማርያም ማለት የማርያም አዳራሽ ማለት ነው። የቦታው ትውፊት የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን ከአብርሃና ከአጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል። በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ግን በዚያ ታላቁን ሕንጻ ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው። እርሳቸውም ከሐድያ ከሙስሊም ባላባት ቤት ተወልደው ለኢትዮጵያ ንግሥትነት የበቁ፥ ዐፄ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ገና በልጅነታቸው በነገሡ ጊዜ አገሩን በማስተዳደር የረዱ ብልህ ሴት ነበሩ። በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የእቴጌይቱ ሞት በተሰማ ጊዜ ታላቁም ታናሹም አባቱና እናቱ እንደ ሞቱበት ሰው ማልቀሱን ጽፎ አልፏል።

ሕንጻው ግን አልጸናም። ከእቴጌይቱ ሞት በኋላ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ጠፋ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት እንደገና ቢታደስም ኋላ ፈረሰ። ከጥንቱ ሥራ የተረፈው ጌጥ የተቀረጸበት የድንጋይ ግድግዳ ነው።

ከዚያ ግድግዳ ውጭ በየመንደሩ ደግሞ ሌላ ሥራ ሲሠራ ኖሯል፤ ይህን ግን መዝጋቢ አልጻፈውም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቦ፥ ለውሻ መከላከያ የሚሆን በትሩን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። የቤቲቱም እመቤት የማን ልጅ እንደ ሆነና ከየት አገር እንደ መጣ ሳትመረምር ከእንጀራው ቁራሽ ወይም ከቆሎው እፍኝ ታወጣለች። እርሱም ብቻውን አይበላውም፤ ወደ ጎጆው ተመልሶ ለታመመው ጓደኛውና መንደር መዞር ላልቻለው ያካፍላል። አድጎ ቄስ ወይም መሪጌታ በሆነ ጊዜም የተማረውን በተራው ለሌሎች ያስተምራል።

እንግዲህ ነገሩን ልብ አድርጎ ለሚመለከት ሰው ያች ሴት የሰጠችው ቁራሽ ወደ እርስዋ አይመለስም፤ ተማሪው ምናልባት ዳግመኛ በዚያ መንገድ አያልፍም። ነገር ግን የእርስዋን ልጅ ያጠመቀው ቄስ እርሱም ራሱ በሩቅ አገር በሌላ እናት ቁራሽ ያደገ ነው። ስለዚህ እርስዋ ሳትሰጥ አስቀድማ ተቀብላለች፤ የሰጠችውም ዕዳዋን ነው። ዕዳውም የሚከፈለው ላበደረው ሰው ሳይሆን በደጅ ቆሞ ለሚለምነው ነው።

የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት በአገሩ ረኃብ በሆነ ጊዜ ባለጸጎችን የገሠጸው በዚሁ ነገር ነበር፤ በጎተራ የተዘጋበት እህል የተራበው ሰው ገንዘብ እንደ ሆነ አስተማረ። ትምህርቱንም በቃል ብቻ አልተወውም፤ ለድኆችና ለሕሙማን ማረፊያ ቤት ሠራ።

ዳሩ ግን የተማረ የከተማ ሰው፥ ምጽዋት ልመናን ያበዛል፥ ልመናም ስንፍናን ያሳድጋል ብሎ ይከራከር ይሆናል። ይህ ቃል ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ጉልበት ላለው ሰው ቁራሽ ከመስጠት ሥራ መስጠት ይሻላል፤ ሕፃኑን ማስተማር፥ ሕመምተኛውን ማሳከምም ከሳንቲም ይበልጣል። ነገር ግን ይህን ምክንያት አድርጎ ሥራውንም ቁራሹንም ሳይሰጥ ደጁን የሚዘጋ ሰው የገዛ ራሱን ንፍገት በጥበብ ስም ሸፈነ እንጂ ስንፍናን አልተቃወመም።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄም አለ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን ከብቱ በበሽታ አልቆ እርሻው ጦሙን ባደረ ጊዜ፥ የቀራት ጥቂት እህል የሆነ እናት ለደጅ ለማኝ ምን ዕዳ አለባት? ከልጇ አፍ ነጥቃ ትስጥ ብሎ የሚፈርድባት ሰው የለም፤ ቢኖርም ምሕረትን አያውቃትም። ሆኖም የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። እህል ያጣ እጅ የማያቃጥል ፊት ሊያሳይ ይችላል፤ ያለውን እግዜር ይስጥህ ማለትም እንደ አነጋገሩ ወይ ስድብ ወይ ጸሎት ይሆናል። ጉልበትም ገንዘብ ነው። በዚያ ዘመን በሬ በጠፋ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሰው አብነት መሆናቸው ይህን ያስረዳል። በእንዲህ ያለ ቀን የሚጠየቀው እህሉን ሸሽጎ ዋጋው እስኪወደድ የሚጠብቅ ሰው ነው።

የንግሥቲቱ አዳራሽ ለእግዚአብሔር ክብር የተሠራ መልካም ሥራ ነበር፤ መፍረሱም ዋጋውን አያሳጣውም። ነገር ግን እንደ እርሱ ያለውን ለመሥራት የሚችል ሰው በዘመን አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ደጁን የሚከፍት ሰው ግን በየቤቱ አለ። ካህኑ በተማሪነቱ ጊዜ ቁራሽ የተቀበለባቸውን ደጆች ያስብ። ከባላገር ተወልዶ በከተማ ደመወዝ የሚበላውም ሰው ለትምህርቱ ስንት ሰው እንደ ጾመ ይቍጠር። ይህን ቈጥሮ የጨረሰ ሰው ድኃ ከደጁ በቆመ ጊዜ «ምን ልስጠው?» ከማለት በፊት «ምን ያህል ቀርቶብኛል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።