«ሁላችንም ደህና ነን»

ኮሎምበስ ላይ በረዶ በሚጥልባቸው ወራት የአገር ቤትን ሰዓት ለማወቅ ድካም የለበትም፤ በእጅ ሰዓት ላይ ሁለት መጨመር ይበቃል። እዚህ ከምሽቱ 10 ሲል ደብረ ማርቆስ ላይ የንጋቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ዘወትር ቅዳሜ ማታ በዚህች ሰዓት ለእናቴ እደውላለሁ። እርሷም «ሁላችንም ደህና ነን፤ አንተ ብቻ ደህና ሁንልን» ትለኛለች። ይህንኑ ቃል አንድ ሳምንት ሳታጓድል በነገረችኝ ሰባት ወራት ውስጥ፣ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ ታላቅ እኅቷ አፈር ለብሳ ነበር።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱ የታወቀ ነው። የድምፅ ጥሪ ግን በአመዛኙ ይሠራ ነበር። ስለዚህ የእናቴን ድምፅ እሰማለሁ፤ ፊቷን አላይም። ኢንተርኔቱ የተመለሰ ዕለት በመስኮቱ ብርሃን ፊት ተቀምጣ አየኋት። ጥቁር ለብሳለች፤ የተላጨው ጠጉሯም ገና አላደገም። መርዶውን ያረዳኝ ሰው አልነበረም፤ ልብሷ አረዳኝ። ተቆጥቼ ለምን እንደ ዋሸችኝ ጠየቅኋት። «ብቻህን ነህ፤ ማን ይይዘዋል ብዬ ልንገርህ?» አለችኝ።

ከዚያች ዕለት ወዲህ ይህን መልስ በኦለንታንጂ ወንዝ ዳር ስመላለስ ሳወጣ ሳወርደው ቆይቻለሁ። የምማረው የፖለቲካ ሳይንስ ነውና መጀመሪያ የሮጥሁት ወደ መጻሕፍት ነበር። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ ከደጃፍ ቆሞ «ወዳጅህ ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እንኳ መዋሸት አይፈቀድም ይላል። በዚህ ሚዛን እናቴ ጥፋተኛ ናት። ይሁንና የካንት ሰው እውነትን ብቻውን ቆሞ የሚሰማና ብቻውን ቆሞ የሚመልስ ሰው ነው። የእኛ መርዶ የተሠራው ለእንዲህ ዐይነቱ ሰው አይደለም። መርዶ ነጋሪዎች በማለዳ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ከመካከላቸው ሐዘንተኛው የሚያከብረው ሽማግሌ አይጠፋም፤ ራሱን እንዳይጎዳ የሚይዙት ጎልማሶች ከግራና ከቀኙ ይቀመጣሉ፤ ጎረቤትም የሚቀመሰውን አስቀድሞ አሰናድቷል። እውነቱ አይካድም፤ አብሮ የሚሸከመው ሰው እስኪሟላ ይቆያል እንጂ። ስልክ ድምፅን በቅጽበት ያደርሳል፤ የሚይዝ እጅ ግን የለውም።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. በዚህ አገር ይማሩ የነበሩት ታላላቆቻችን ይህ ጥያቄ በዚህ መልኩ አልገጠማቸውም። ደብዳቤ ሳምንታት ይፈጅ ስለ ነበር የዘገየ ወሬ የማንም ኃጢአት አልነበረም። ዛሬ መዘግየት ራሱ ምርጫ ሆኗል፤ የሚመርጠውም ሰው ይጠየቃል።

እርግጥ ነው፣ ይህ ክርክር አደገኛ ጎን አለው። «ለእርሱ ብለን ነው» ማለት የእናቶች ብቻ ልማድ አይደለም፤ የመንግሥታትም ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ሲጀመር ስልኩም ኢንተርኔቱም አብሮ ተቋረጠ። የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ ክልሉ አብዛኛውን ጊዜ ከዓለም ተለይቶ ኖረ። በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ የትግራይ ተወላጅ ጓደኛዬ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቱን በሕይወት እንዳለ ሰው እያነሣ ሲያጫውተን ነበር፤ ሽማግሌው የሞቱት ግን በመጀመሪያው ክረምት ኖሯል። ያን ወሬ ለጓደኛዬ ያቆየለት ወዳጅ አልነበረም። እናቴ ዝም ያለችው ሰው እስኪሰበሰብልኝ ነው፤ መሥመር የሚቆርጥ ኀይል ግን ሰው እንዳይሰበሰብ ይፈልጋል። ሁለቱን ዝምታዎች በአንድ ስም መጥራት ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። ቢሆንም እናቴንም ፈጽሞ ነጻ አላደርጋትም፤ ሰባት ወር ረዥም ነው፤ ቁርጡን ቀን የምትወስነውም እርሷ ብቻ ነበረች።

እኔስ? በዚያው ዓመት፣ በረዶው በበረታበት ወር፣ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ቅዳሜ ማታ ከአልጋዬ ሆኜ ደወልሁ፤ «ደህና ነኝ፤ ፈተና ላይ ነኝ» አልኋት። ምስል ቢኖር ኖሮ በእጄ ላይ የተሰካውን መርፌ ታይ ነበር። በአደባባይ የማወግዘው የኢንተርኔት መቋረጥ በዚያች ሌሊት ጠቅሞኛል፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ወር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ አዛውንት ደወሉልኝ። አብሮን የሚማር ልጅ እናቱ ዐርፈዋል፤ «ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሞርስ ጎዳና አጠገብ ካለው ቤቱ እንገናኝ፤ የምትቀርበው አንተ ነህና ከጎኑ ትቀመጣለህ» አሉኝ። እሺ አልሁ። በዚያው ምሽት ልጁ ራሱ ደወለ። ስለ ሰኞው ፈተና ጥቂት ካወራን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከትናንት ጀምሮ ከቤት ስልክ የሚያነሣ አጣሁ፤ ምን ሆነው ይመስልሃል?» አለኝ።

«ኔትወርክ ይሆናል» አልሁት።