መብትን በውለታ ስለ መቀበል

የቤታችንን ካርታ ግልባጭ ፈልጌ ወደ ወረዳችን መዝገብ ቤት ሄድሁ። መዝገብ ያዡ «ፋይሉ የለም» ብሎ መለሰኝ። በማግሥቱ ዘመድ ይዤ ብሄድ ፋይሉ ወዲያው ተገኘ። ስወጣ ግን ከእኔ አስቀድመው የመጡ አንዲት እናት ገና ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አየሁና ልቤ ወቀሰኝ፤ ተራቸውን የወሰድሁ እኔ ነበርሁና።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መሥሪያ ቤቱም ውሳኔውን በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ ያዛል። መዝገብ የሕዝብ አደራ ነው። መብቱን በውለታ የሚቀበል ሰው ዘመድ በሌለው ላይ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ማመልከቻህን ለሕዝብ ግንኙነት ሹሙ በጽሑፍ አቅርብ፤ ቀኑንም ቈጥረህ ተመለስ። መንገዱ ቢረዝምብህም፥ ከኋላህ ለሚመጣው ትጠርግለታለህ።