ሀልዮ በጨረታ

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሰውን ሥራ በሀልዮ፣ በነቢብና በገቢር ከፍለው ሲያስተምሩ፣ ገቢር የእጅ፣ ነቢብም የአንደበት ስለሆኑ ሌላው ሰው ሊያያቸውና ሊሰማቸው፣ ዳኛም ሊፈርድባቸው ይችላል፤ ሀልዮ ግን የልብ ዐሳብ ስለሆነ፣ ልብንና ኵላሊትን ከሚመረምር ከእግዚአብሔር በቀር የሚደርስበት የለም፤ ሰው ቢያውቀውም እንኳ ባለቤቱ ወዶና ፈቅዶ ለንስሓ አባቱ የነገረው እንደሆነ ነው፣ ያም አባት የሰማውን እንዳያወጣ በሥርዐት የታሰረ ነው ይላሉ። ንግድም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህን ወሰን አልፎ አያውቅም ነበር። ነጋዴ የሚጠብቀው ገቢርን፣ ማለት ገዢው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድበትን ጊዜ ነበር፤ ጋዜጣና ራዲዮ ከመጡም በኋላ ማስታወቂያ ነጋሪው ቃሉን እንደ ዘር በየሜዳው ይበትነዋል እንጂ፣ ከሰሚዎቹ መካከል ማን ምን እያሰበ እንደ ዋለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በዘመናችን ግን ሰው የልቡን ጥያቄ በኢንተርኔት የፍለጋ መሣሪያ ላይ ስለሚጽፍ፣ ሀልዮ ራሱ ከልብ ወጥቶ ወደ ገበያ ወርዷል፤ ሊሸጥ ይገባዋልን? የሚለውን ጥያቄም ለነጋዴዎችና ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ መተው አይገባም።

ነገሩ የተጀመረው በክፉ ዐሳብ አልነበረም። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ያበጁት የፍለጋ ዘዴ፣ አንዱ ድረ ገጽ ወደ ሌላው ማመልከቱን እንደ ምስክርነት ቈጥሮ፣ የምስክሩንም ክብደት ለእርሱ ለራሱ ከሚመሰክሩለት ብዛትና ማዕርግ የሚመዝን ነበር። ጉግልን ባቋቋሙበት በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጥናት ጽሑፍ ላይም፣ በማስታወቂያ ገንዘብ የሚተዳደር የፍለጋ መሣሪያ ከጠያቂው ይልቅ ወደ ከፋዩ ማድላቱ ከጠባዩ የማይለይ መሆኑን ራሳቸው አስጠንቅቀው ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ጎቱ የተባለ ሌላ ኩባንያ በመልሶች ዝርዝር ውስጥ ያለውን ቦታ በጨረታ መሸጥ ጀመረ፤ ጉግልም በ2000 ከፍለጋው ጋር የሚወጣ ማስታወቂያ መሸጥ፣ በ2002 ደግሞ ጠያቂው ማስታወቂያውን በተጫነ ቍጥር የሚከፈልበትን ጨረታ ማካሄድ ያዘ። በ2023 የእናት ኩባንያው የአልፋቤት ገቢ ከ307 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ237 ቢሊዮን የሚበልጠው የተገኘው ከማስታወቂያ ነው። ወጣቶቹ የጻፉት ማስጠንቀቂያ ዛሬም ለሚሻ ሁሉ ይነበባል፤ ትንቢት ተናግሮ ትንቢቱን በገዛ እጁ የሚፈጽም ሰው ብዙ አይገኝም።

ጨረታው የሚካሄደው በዐይን ጥቅሻ ነው። ሰው በሌሊት፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ከሱስ ለመላቀቅ ምን ላድርግ? ብሎ በስልኩ ላይ ሲጽፍ፣ መልሱ ገና ሳይታየው፣ ለዚያ ቃል ገንዘብ የመደቡ ነጋዴዎች ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ ያቀረበው ዋጋ ጠያቂው ማስታወቂያውን ይጫነዋል ተብሎ ከሚገመተው ጋር ተመዝኖ፣ ያሸነፈው ከላይ ይቀመጣል። ይህን መልስ ከሌሎቹ የሚለየው አንዲት ትንሽ ምልክት ናት፤ የተጨነቀ ሰው ደግሞ ምልክት አይመረምርም። በአሜሪካ የሱሰኛው ኢንሹራንስ ለማገገሚያ ቤቱ ብዙ ገንዘብ ስለሚከፍል ይህ ጥያቄ ከውዶቹ አንዱ ሆነ፤ በመካከል የገቡ ደላሎችም ስልኩን እያነሡ በሽተኛውን ለእርሱ ወደሚበጀው ሳይሆን ለእነርሱ ኮሚሽን ወደሚከፍለው ቤት ይልኩት ጀመር። ጋዜጠኞች ነገሩን ካወጡት በኋላ ጉግል በሴፕቴምበር 2017 ይህን ማስታወቂያ ገታ፤ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ የከፈተው በሌላ ድርጅት ተመርምረው ለተመሰከረላቸው ብቻ ነው።

በዚህ አድራጎት ኩባንያውን የሚያመሰግነው ብዙ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ከሰው ልብ የሚወጡ ጥያቄዎች ሁሉ እንደ ጨርቅ ተለክተው ለከፋይ የሚሰጡ አለመሆናቸው ያን ጊዜ ከሻጩ አፍ ተሰማ። ወሰን እንዳለ ከታመነ ዘንድ፣ ወሰኑ የሚተከለው ጩኸት በበዛበት ቦታ ብቻ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? የካንሰር በሽተኛ፣ ዕዳ ያነቀው፣ ትዳሩ የፈረሰበት ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ከሱሰኛው በምን ያንሳል?

ለገበያው የሚቆሙ ሰዎች ሁለት መልስ አላቸው። አንደኛው፣ የተጻፈውን የሚያነበው ማሽን እንጂ ሰው አይደለም የሚል ነው። በ2006 ኤኦኤል የተባለው ኩባንያ 650,000 ያህል ሰዎች የፈለጉትን 20 ሚሊዮን ያህል ጥያቄ፣ ስማቸውን በቍጥር ለውጦ፣ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል ብሎ ባወጣ ጊዜ፣ ጋዜጠኞች ከጥያቄዎቹ ብቻ ተነሥተው የአንዲት አሮጊትን ቤት አንኳኩ፤ ስለዚህ ማሽን ያነበበውን ሰው አያነበውም ማለት አይቻልም። ሁለተኛው መልስ የበለጠ ክብደት አለው፤ ይኸውም ዋጋውን ማስታወቂያ አስነጋሪው ስለሚከፍል ድኻው ተማሪ ከፕሮፌሰሩ ጋር እኩል ያለ ገንዘብ ይጠይቃል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፣ ታላቅም በረከት ነው። ሆኖም ተማሪው ለማወቅ ፈቀደ እንጂ ለመሸጥ አልፈቀደም።

የነገሩ ሥር ግን ከዚህ ጠልቆ ይገኛል። አባቶች በልብ ሽው ብሎ የሚያልፈውን ዐሳብና ፈቃድ ተቀብሎ የሚያሳድረውን ዐሳብ ለይተው፣ የመጀመሪያው ፈተና ነው፣ ፍርድ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው ሲሉ፣ በሀልዮና በገቢር መካከል አንድ ርቀት እንዳለ፣ ነጻ ፈቃድም የሚኖረው በዚያ ርቀት ውስጥ መሆኑን መናገራቸው ነው። ሰው ዐስቦ ሊተው፣ ጠይቆ ሊመለስ፣ አድሮ ሊያስብበት መብት አለው። ሻጩ የሚያተርፈው ደግሞ ይህ ርቀት ባጠረ መጠን ነው፤ ጠያቂው እስኪጫን ድረስ ገንዘብ የለምና፣ ብልሃቱ ሁሉ ዐሳቡ ሳይበስል ወደ ድርጊት እንዲሮጥ የተቀናጀ ነው። ጫማ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጕዳት የለውም፤ ሻጭ ሸቀጡን ጠርቶ ቢያሳይ ጥንትም ያለ ነው። ፈቃዱ በሕመም ወይም በኀዘን የደከመ ሰው ግን ያችን ርቀት ሲነጠቅ ሌላ የሚያመልጥበት የለውም።

በኦገስት 2024 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ጉግል በፍለጋ ገበያ ያለውን ብቸኝነት በሕገ ወጥ መንገድ አጽንቷል ብሎ ፈርዷል፤ በ2021 ብቻ በስልኮችና በድረ ገጽ መቃኛዎች ላይ ቀዳሚ ሆኖ ለመቀመጥ ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ መክፈሉ በችሎቱ ተገልጧል። ፍርዱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የተፈረደው ስለ ውድድር ነው፣ ዐሥር ኩባንያዎች እየተፎካከሩ የበሽተኛውን ጥያቄ ቢያጫርቱ ያ ሕግ የሚከፋበት ምክንያት የለውም። በእኛ አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቶ፣ የሰው የጤና ነገር የተለየ ጥበቃ ከሚሻው መረጃ ተቈጥሯል። ማስፈጸሚያውን ለሚጽፉ ሰዎች የማሳስበው፣ በሽተኛ ስለ ሕመሙ የጠየቀው ጥያቄ ሐኪሙ ከጻፈለት ወረቀት እኩል እንዲጠበቅ፣ ለጨረታም እንዳይቀርብ በግልጽ እንዲደነግጉ ነው።