ስድስትና አሥራ ስድስት

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ እናትሽ ቤት ቡና ላይ ያልሽው ከአእምሮዬ አልወጣም። «ጋሼ፣ አምስት ዓመት ሕግ ተምሬ፣ ይኸው ስድስት ወሬ፤ ፎቶ ኮፒ ሳነሳና ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሰለፍ እውላለሁ» ብለሽ ስትስቂ፣ ሳቁ ከልብ እንዳልነበር ገብቶኛል። እንግዳ ስለነበረ ዝም አልኩ።

ፎቶ ኮፒውን አትናቂው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ? የጠበቃ ሥሩ ያለው ማሽኑ ላይ በምትዘረጊው ወረቀት ነው። ባለጉዳይ ለአለቃሽ የሚነግረው የሚጠቅመውን ነው፤ የሚጎዳውን አንድም ይረሳዋል፣ አንድም ይደብቀዋል። ለተከሳሽ ቆማችሁ ከሳሹ ያያያዘውን ውል ስታነሺ ቀኑን እዪ። ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ጊዜ 10 ዓመት ካለፈ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 ይርጋ ደርሶላችኋል። ከመሐል ተከሳሹ ዕዳውን ያመነበት ወረቀት ካለ ደግሞ ይርጋው ይቋረጣልና እሱንም ፈልጊ። ፍርድ ቤቱ ይርጋን በራሱ አያነሳም፣ ቁጥር 1856 ከልክሎታል፤ እናንተ በመጀመሪያው መልስ ላይ ካልተቃወማችሁበት አለፈ። ታዲያ ያንን ቀን ከአለቃሽ ቀድሞ የሚያየው ማን ነው? ኮፒ የምታነሳዋ ልጅ ናት።

መዝገብ ቤቱንም እንዲሁ። እኔ በአንቺ ዕድሜ ተለማማጅ ሳለሁ «ቀጠሮውን ጠይቀህ ና» ተብዬ ተላክሁ። ሰው ይጋፋል። ጸሐፊው በመስኮቱ «ታኅሣሥ ስድስት፣ ጠዋት» አለ። እኔ «አሥራ ስድስት» ሰማሁ። ደግሜ መጠየቅ አፍሬ፣ ወረቀት ማውጣት ሰንፌ፣ በቃሌ ይዤ ሄድኩ። በአሥራ ስድስት ባለጉዳያችን ከሰንዳፋ ሌሊት ተነስተው፣ ሁለት ምስክር አስከትለው መጡ፤ የሰነድ ፌስታላቸውን በነጠላ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። የቀጠሮ ዝርዝሩ ላይ ስማቸው የለም። ስንጠይቅ ተከሳሹ በስድስት ቀርቦ፣ ክሱን ክዶ፣ መዝገቡ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 73 ተዘግቷል። ሴትዮዋ አልተቆጡም። «ታዲያ ምስክሮቼን ምሳ ላብላቸው?» ብቻ አሉኝ።

አለቃዬ በቁጥር 74 መዝገቡ እንዲከፈት አመለከተ፤ የተሰጠን አንድ ወር ነው፣ አሥሩ ቀን በእኔ ጆሮ ሄዷል። በጭንቅ ተከፈተ። እኔን አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ በማግሥቱ ጥቁር አጀንዳ ገዝቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ዛሬም የሚታየኝ ያ የፌስታል ጥቅል ነው። አንቺም አጀንዳሽ ላይ ቀጠሮ ብቻ አትጻፊ፤ ፍርድ የተሰጠበትን ቀንና ከዚያ የሚቆጠረውን የ60 ቀን የይግባኝ ጊዜም ጻፊ። ስልክሽ ላይ ከያዝሽው በወረቀትም ድገሚው። (ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ እኔ ሽማግሌ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም።)

መዝገብ እንዲፈልግልሽ ለሠራተኛው «የሻይ» ስጪ የሚልሽ ሰው አይጠፋም። «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የኛው ነው፤ አፍሬበታለሁ። አትስጪ፤ ተሰለፊ። ደግሞ ከችሎት ወጥታችሁ ሻይ ቤት ስትቀመጡ ስለ ጉዳዩ አታውሪ። ከኋላሽ ያለው ወንበር ላይ የተከሳሹ አማች ሊኖር ይችላል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ስለ ደመወዙ ግን ቅሬታሽ እውነት ነው፤ ታክሲ የማይሸፍን ክፍያ መማሪያ ተብሎ አይታለፍም። በእኛ ጊዜ ጠበቃ ሁሉ በግል ፈቃዱ፣ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ጸሐፊ ነበር የሚሠራ። ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ በሩን የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ አንቺ ያለሽበት ዓይነት ቢሮ ተለማማጅ አያያዝን ገና እየተማረ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጠይቂ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ስትጠይቂ ግን ሆድ ብሶሽ አትግቢ፤ በስድስት ወር ያየሻቸውን መዝገቦች ቆጥረሽ፣ ጽፈሽ ግቢ።

ያረቀቅሽውን መልስ አለቃሽ በቀይ አበላሸው ያልሽኝን ቅዳሜ ይዘሽልኝ ነይ፤ አብረን እናየዋለን። የባለጉዳዩን ስም ሸፍነሽ።