ረኃብና ሥልጣን

ምእመናን ሆይ፥ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 47 የተጻፈውን የግብጽን ረኃብ ስናነብ የዮሴፍን ጥበብ እናደንቃለን፤ ይገባልም። የሥልጣንን መዛወር ግን አናስተውልም። ሕዝቡ ስለ እህል አስቀድሞ ብሩን፥ ቀጥሎ ከብቱን፥ በመጨረሻም ርስቱንና ሰውነቱን ለፈርዖን አስረከበ። ረኃቡ ሲያልፍ ያ ሥልጣን አልተመለሰም፤ ከምርቱ አምስተኛውን እጅ መገበር ሥርዓት ሆኖ ጸና፤ ኋላም ዮሴፍን የማያውቅ ንጉሥ ወረሰው።

ረኃብ ሁልጊዜ ለዙፋን አያደላም። በአገራችን በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ተሸሽጎ መቆየቱ ከሌላው ቅሬታ ጋር ተደምሮ ዙፋኑን አናወጠ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣኑ ከወታደሮች እጅ ገባ።

እኛን ካህናትን የሚያስጨንቀን ግን ያው ምዕራፍ ስለ ግብጽ ካህናት የሚናገረው ነው፤ ከፈርዖን ድርጎ ነበራቸውና ርስታቸው አልተሸጠም። ሕዝቡ ራሱን ሲሸጥ ምን እንዳሉ መጽሐፉ አንዲት ቃል አልጻፈም።