የአባት ኤንትሬ

የመኪና ሊብሬ ላይ ሁለት ቁጥሮች ሰፍረው ይገኛሉ፤ አንዱ የሞተር፣ ሌላው የሻንሲ። ሞተሩ አርጅቶ ሌላ ቢገባ ባለቤቱ ማስረጃውን ይዞ ይቀርብና አዲሱን ቁጥር ያስመዘግባል፤ መኪናው ያው መኪና ነው። ጋቢናው ቢቀየር፣ ቀለሙ ቢለወጥ፣ ካምቢዮውና ዲፍረንሻሉ ከሌላ ቢመጣም እንዲሁ ነው። የሻንሲው ቁጥር ተፍቆ ሌላ ተመትቶበት ከተገኘ ግን ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ፈላስፎች ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የተከራከሩበትን ጥያቄ መንግሥት አንዲት መስመር ቁጥር ላይ ቆርጦታል። ክፍሉ ሁሉ የተለወጠ ነገር፣ ያው የቀድሞው ነው?

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ላለችው የጎብዬ ከተማ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። መንገዱን ጣሊያን በወረራው ዘመን አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ ለማገናኘት ሠራው። ሾፌሮች ትሬንታ ኳትሮ ያሏቸው የፊያት 634 መኪኖች መጀመሪያ የወራሪውን ጦርና ስንቅ፣ ከነጻነት በኋላ ደግሞ የአገሬውን እህልና ሰው ጫኑ። ቀጥሎ ኤንትሬ መጣ። ኤንትሬ የወጣበት ፊያት 682 እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ የተመረተ፣ ስድስት ሲሊንደርና ከአሥር ሊትር የሚበልጥ የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ጣሊያኖች ራሳቸው የአፍሪካ ንጉሥ ያሉት ከባድ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አምቼ ደግሞ የፊያትን፣ ኋላም የኢቬኮን ከባድ መኪኖች እዚሁ ገጣጠመ። ተሳቢውን አስከትሎ የራያን ሜዳ አቋርጦ፣ ከአላማጣ በላይ የግራካሱን ዳገት በከባድ ማርሽ የሚወጣ ኤንትሬ ለአካባቢው ሰው የዘመን መቁጠሪያ ሆኖ ኖሯል።

ኤንትሬ ያለው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ራሱ ጋራዥ ነው። አባት ይነዳል፤ ልጅ በረዳትነት ጀምሮ ቡሎንና ዳዶ እየለየ ያድጋል፤ ከወንድማማቾቹ አንዱ ወደ ባትላሜራው፣ አንዱ ወደ ቶርኖው ያዘነብላል። በአሜሪካና በአውሮፓ የድሮ ከባድ መኪና የሚያድሱ ቤተሰቦች መኪናውን ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ለማድረግ ይደክማሉ፤ እዚያ ትልቁ ክብር እያንዳንዱ ቡሎን የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ወሎ ውስጥ ግን መኪና የሚታደሰው ነገ ማሽላና ሲሚንቶ እንዲጭን ነው። ሁለቱም ማደስ ይባላል፤ የሚጠብቁት ነገር ግን ለየቅል ነው።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ጥያቄው ራሱ ብረቱ ላይ ይታያል። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ኮሎው፣ ሲበላ ወርዶ ይላጋል። መጀመሪያ ሩብ ሚሊ ሜትር ይነሣለትና ያንኑ ያህል የወፈረ ብሮንዚን ይገባለታል። በሚቀጥለው 0.50፣ ከዚያ 0.75፣ ከዚያ 1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሞተሩ በታደሰ ቁጥር ከጥንቱ ብረት የሚቀረው እያነሰ ይሄዳል፤ ማዳኑ ራሱ ይበላዋል። በሌላ በኩል የሻንሲው ቁጥር አለ። የዓመታት ቅባትና ጭቃ በናፍጣ ታጥቦ፣ በብረት ብሩሽ ተፍቆ፣ ጠመኔ ሲታሽበት አኃዞቹ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ያን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያነባል።

የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ እንዴት እንዳቆዩ ተርኳል፤ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ሲተኩ ፈላስፎቹ ለሁለት ተከፈሉ፣ ገሚሱ ያው ነው፣ ገሚሱ አይደለም አለ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ነገሩን አከረረው። አንድ ሰው የተጣሉትን ሳንቃዎች ሁሉ ሰብስቦ ሌላ መርከብ ቢገጥምባቸው እውነተኛው የትኛው ነው? ይህ ለሆብስ የሐሳብ ጨዋታ ነበር። አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ለገባ ሰው ግን የዕለት ገበያ ነው። ከአንዱ መኪና የወረደ ካምቢዮ ሌላውን ያስነሣል፤ የሞተ ኤንትሬ በአምስት መኪኖች ውስጥ ተበትኖ ይሄዳል።

የራያ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ለዚህ ከፈላስፎቹ የጠለቀ መልስ በእምነቱ ውስጥ አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያንን የሚያጸናት ታቦቱ እንጂ ግድግዳው አይደለም። አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ አዲስ እስኪሠራ ታቦቱ መቃኞ ይገባል፤ አንድም የቀድሞ ድንጋይ ባይቀር ምእመኑ ደብሩ ተለወጠ አይልም። አክሱም ጽዮን በግራኝ ዘመን ተቃጥላ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በአፄ ፋሲለደስ ተሠርታ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ደግሞ ሌላ ትልቅ ሕንፃ አጠገቧ ታንጾ፣ ዛሬም ያቺው ጽዮን ናት። ካዕባም በ17ኛው መቶ ዘመን ጎርፍ ካፈረሳት በኋላ በሱልጣን ሙራድ 4ኛ ጊዜ እንደገና ታንጻለች፤ ሙስሊሙ የሚሰግደው ግን ወደ ኢብራሂም ቤት ነው።

ስለ ትንሣኤ ሙታንም ሁለት መንገድ አለ። በሐዲስ ትምህርት የአደም ልጅ አካል ሁሉ ሲበሰብስ የጅራት አጥንቱ ይቀራል፤ በቂያማ ቀንም ከእርሱ ዳግም ይገጣጠማል። የሰው ሻንሲ ቢባል ድፍረት አይሆንም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ደግሞ በዘርና በቡቃያ ይመስለዋል፤ የሚዘራው የሚበቅለው አካል አይደለም፣ አካሉን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው። አንዱ የማይጠፋ ቅሪት ይፈልጋል። ሌላው የሚታመነው በሰጪው ታማኝነት ነው።

ለአባት ኤንትሬ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ቁጥሩ ሳይነካ እሾህ በቅሎበት አጥር ጥግ የተጋደመ ሻንሲ ሕጉ መኪና ይለዋል፤ ማንም ግን የአባቴ መኪና ብሎ አያስነሣውም። የሆብስ ሰብሳቢም ሳንቃዎቹን ሁሉ ቢይዝ መርከቡን ከአቴናውያን አልተረከበም። የሰውም ሰውነት ቢሆን ያው ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ ከአራት ወር ብዙ አያልፍም፣ ሰው ግን በወጣትነቱ የገባው ቃል በእርጅናው ይጠየቅበታል። አንድ ነገር ራሱን ሆኖ የሚቆየው በአደራ ተይዞ ሲተላለፍ ነው። ልጁ ሞተሩን ሲያወርድ የሚጠብቀው ብረቱን አይደለም፤ አባቱ የተወውን ሥራና ኃላፊነት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። አደራ በቂ ከሆነ ማንም ያሻውን ብረት አቁሞ የአባቴ ነው ሊል አይችልም? ይችላል፤ የሻንሲው ቁጥር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ቁጥሩ መኪናውን ራሱን አያደርገውም፤ ባለቤቱን ከውሸት ይጠብቀዋል፣ ገዢውንም ከመታለል። ቁጥር የሚፍቅ ሰው ትልቁ ጥፋቱ ብረት መቀየሩ አይደለም፣ በማያውቀው ሰው አደራ ላይ መነገዱ ነው።

አደራ ደግሞ ከነዕዳው ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የኢትዮጵያ ጦር ሲሸነፍ፣ ሲያፈገፍግም በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ሲወርድበት፣ ወራሪው በመኪናና በመንገድ ብልጫ ነበረው። ኤንትሬ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው፤ የተጓዘበት መንገድ ግን የዚያ ዘመን ነው። በ1977ቱ ረሃብ በዚያው አገር፣ ኮረም ላይ ሺዎች ሲያልቁ ሕይወት ያተረፈው እህል ከአሰብ በኮምቦልቻ በኩል በከባድ መኪኖች ተጫነ። የድሮ መኪና የሚያድስ ቤተሰብ ሁለቱንም ይረከባል። የሚያኮራውን ብቻ መርጦ መውረስ አይሆንለትም።

ለዚህ ሁሉ ሊብሬው ጠባብ ነው። ኮሎው ስንት ጊዜ እንደተላገ፣ ጋቢናው ከየትኛው መኪና እንደመጣ፣ በ1977 ምን ተጭኖበት እንደነበር ቢሮ ውስጥ የትም አልተጻፈም፤ ያለው በአሮጌ ሾፌሮችና መካኒኮች ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ እነርሱ ደግሞ እያለፉ ነው። ኤንትሬ ያለው ቤተሰብ አንድ ደብተር ገዝቶ ከመፍቻው ጋር ጋቢና ውስጥ ቢያኖር፣ የወረደውንም የገባውንም ከነቀኑ ቢጽፍ፣ አባት በሕይወት ሳለም የቀረውን ቢያስሞላ ከማንኛውም ቀለም ይልቅ መኪናውን ያድሰዋል። ይህ ሥራ ሞተር እስኪወርድ መጠበቅ የለበትም።