የዕርቁን ቀን ማን ይቆርጣል?

እ.ኤ.አ. በ1986 ዩናይትድ ቸርች የተባለችው የካናዳ ቤተ ክርስቲያን፣ የነጮችን ባህል እንደ ወንጌል አድርጋ በመጫኗ የአገሩን ነባር ሕዝቦች ይቅርታ ጠየቀች። ሽማግሌዎቻቸው በአክብሮት ሰሙ፤ «ይቅር ብለናል» ግን አላሉም። ከ2 ዓመት በኋላ በሰጡት መልስም ይቅርታው በሥራ እንዲገለጥ ተስፋ አደረጉ። ለመታሰቢያ የተካበው የድንጋይ ክምር ሆን ተብሎ ሳይፈጸም ቀረ።

እኔ መጀመሪያ ይህን ሳነብ ሽማግሌዎቹን ልበ ደንዳኖች ብያቸው ነበር። ነገር ግን ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ልመልስ አለ እንጂ ቶሎ ይቅር በሉኝ አላለም። የሰፋሪ ልጅም ቅኝ አገዛዝን ላፍርስ ካለ፣ መሬትና ቋንቋ በሚመለስበት ሥራ ነባሮቹ ባሳዩት ስፍራ ይቁም፤ የዕርቁን ቀን የሚቆርጡት እነርሱ ናቸው። ያቺው ቤተ ክርስቲያን፣ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ለይተው ቋንቋቸውን ስላስረሱት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይቅርታ የጠየቀችው ገና በ1998 ነው።